የኮሌታው እጥፋት

ጥቅምት 9

«ኮሌታውን ፈትተን ወረቀቱን አወጣነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንድም ፊደል የለበትም። በጣም ተጨማድዶ ስለነበር እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በካውያ ተኩሼዋለሁ፤ አሁን እንደ አዲስ ሆኗል። እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድም ጋሼ።»

ከላይ ያለው ያንተው ቃል ነው። የጨመርሁት ነጥብ የለም፤ የቀነስሁትም የለም። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን በተለይ መልሰህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ለተከበርከው የአጎቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከቁጣዬ በታች በመግባቱ አትቀየም። አጎቴ ያሳደጉኝ ሰላም ሳልል እንዳልናገር ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ ቀደመኝ። ጤና ለቤትህ ይሁን። ጤና ለእጅህም ይሁን፤ ያደረገውን ቢያደርግም የአጎቴ ልጅ እጅ ነው። ለአጎቴ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ከአካል በቀር ያለውን ግን አትጠይቀኝ።

ምን እንዳደረግህ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ልንገርህ።

ሥራዬ ለሰፈሩ መሳቂያ ሆኖ እንደኖረ አውቃለሁ። ስም አውጥታችሁልኝ «ሚሊሜትር፣ ወረቀት ሊያጥፍ አገር አቋርጦ ሄደ» ትሉ ነበር። ወረቀት አላጥፍም። የምፈልገው ከሁሉ የቆየውን የታጠፈ ወረቀት ነው፤ አንድ ሰው ድሮ በጣቱ አጥፎት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልከፈተውን። የቆየ ወረቀት ሞልቷል። የቆየ እጥፋት ግን የለም፤ ምክንያቱም ሰው የታጠፈ ወረቀት አይቶ ሳይከፍት አያልፍም። ገንዘብ ይኖርበታል ይላል፣ መድኃኒት ይኖርበታል ይላል፣ የፍቅር ቃል ይኖርበታል ይላል። ይከፍተዋል። ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይጥለዋል። ጽሑፍ ካለበት ደግሞ የባሰ ነው፤ የተማረ ሰው እጅ ይገባና ተዘርግቶ መስታወት ሥር ይተኛል። ከሟች ጫማ ውስጥ የወጣ አይቻለሁ፤ ያወጡት ሰዎች ዘርግተውታል። ከመጽሐፍ ሽፋን መሃል የወጣ አይቻለሁ፤ ዘርግተውታል። የመድኃኒት ዱቄት ተቋጥሮበት የኖረ ነበር፤ ዱቄቱን እንመርምር ብለው እሱንም ዘረጉት። የስንቱን ሙዚየም ምድር ቤት አንኳክቼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ ትንፋሼን ይዤ መሳቢያ ስስብ ኖርሁ። በየመሳቢያው ያገኘሁት የእጥፋት ጠባሳ ነው እንጂ እጥፋት አይደለም።

አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱም አባትህ አንገት ላይ፣ የካፖርታቸው ኮሌታ ውስጥ ያለው ነው።

ቤታችን የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤ ይህን ላንተ አልነግርህም። ካፖርቱ ሲያልቅ ኮሌታው ሳይፈታ እንዳለ ተነቅሎ ወደ አዲሱ ካፖርት ይዛወራል። አጎቴ እንዲህ አድርገዋል፤ አባታቸውም፣ የአባታቸው አባትም፣ ከዚያ በፊት ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎችም። ስንት ካፖርት እንዳለቀ የሚያውቅ የለም፤ ኮሌታው ግን ያው ነው። ለምን ወረቀት እንደገባበትም የሚያውቅ የለም። አጎቴ «ኮሌታው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይሆናል» ይላሉ፤ አክለውም «የኛ ቤት ሰው አንገት ያለ ወረቀት አይቆምም» ብለው ይስቃሉ። ልጆች ሆነን ስንነካው ኮሽ ይል ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር በመቀስ እጀታ ጣታችንን ቸብ ያደርጉን ነበር። ትዝ ሊልህ ይገባል፤ አብዛኛው ያረፈው ባንተ ጣት ላይ ነው።

በግራ በኩል ብል የበላው ቀዳዳ አለ። ባለፈው ስመጣ በዚያ በኩል በባትሪ አየሁት፤ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ ሙጫ የለም፣ ክር የለም። ከቀዳዳው የረገፈች ፍርፋሪ አምጥቼ አስመረመርሁ። ወረቀቱ እዚህ የምሠራበት ሙዚየም ካለን ሁሉ በዕድሜ ይቀድማል። የቀረው ኮሌታው ሳይፈታ ውስጡን በጨረር ማንሳት ብቻ ነበር። ያኔ ካፖርቱን ስለምናቸው አጎቴ ምን እንዳሉ ሰምተሃል፤ አጠገባችን ቁልፍ እየተከልህ ነበር። «በሕይወቴ እያለሁ ከላዬ አይወርድም፤ ስሞት ያንተ ነው» አሉ። እሺ አልሁ። ዕድሜ የምመኝላቸው ለደብዳቤ ወግ አይደለም።

በመስከረም የጻፍሁልህ ግልጽ ነበር። ክፍሌን ሊዘጉብኝ ነውና አጎቴን ለምንልኝ፣ ካፖርቱን ለጥቂት ሳምንት ያውሱኝ፣ አንተ ግን እንዳትነካው አልሁህ። «እንዳትነካው» ከሚለው ሥር አሥምሬበታለሁ። አንተ ደግሞ ፈታኸው። አንዳንድ ሰው የታዘዘውን ይረሳል፤ አንተ ያልታዘዝኸውን ለይተህ ታስታውሳለህ።

አሁንም እጽፋለሁ፤ ከእንግዲህ አትንካው። መልሼ ልጠፈው እንዳትል፤ አውቅሃለሁ፣ ትላለህ። በሁለት ካርቶን መሃል አድርገህ ላክልኝ። ካፖርቱንም ከነኮሌታው ላክልኝ፤ የስፌቱ ቀዳዳ እንኳ የሚናገረው አያጣም። ስልክ እንዳትደውል። በስልክ የተባለ ነገር አይጠቀስም።

ለአጎቴ በሐምሌ የጠየቅኸኝን ለስላሳ የቤት ጫማ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እግራቸው ስለሚያብጥ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌዋለሁ። ልካቸው መሆኑን ጻፍልኝ። ኮሌታውን ስትፈታስ ምን አሉ? ዝም ብለው አዩህ?

የአክስትህ ልጅ


ኅዳር 24

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያለህበትን ብርድ ያቅልልህ፤ የምትረግጠውን ያለስልስልህ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ትልቋ ባንተ ወጥታ ዳቦ ስትቆርስ እንኳ እኩል ካልሆነ አትበላም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጮክ ብዬ ለሚስቴ ሳነብላት «ሰላምታው የት ሄደ?» አለች። «ታች ነው» አልኳት። «ታች ምን ይሠራል? ሰው ቤት በጓሮ በር ይገባል እንዴ?» አለች። እንዳትቀየማት፤ ያለችውን ካልጻፍኩ ደግሞ አልጻፍክም ብለህ ትቆጣለህ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ምን እላለሁ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ተሳድበሃል፤ ይገባኛል። እንዲያውም ከልብህ ተሳድበህ በመጻፍህ ደስ ብሎኛል። ስትሰድበኝ ጤነኛ መሆንህን አውቃለሁ፤ ዝም ስትል ነው የምፈራህ። ስለዚህ ያልወጣልህ ካለ ቀጥል፤ እኔ ቻይ ነኝ።

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሱቁ እንዳለ ነው፤ በሩ ያው ሲከፈት ይጮሃል፣ የስፌት መኪናዋም ያው ዘይት ትወዳለች። ጎረቤታችን ጠበቃው ክረምት ላይ ሱሪ ይዞ መጥቶ ነበር። «አጥሮብኛል፣ አስረዝምልኝ» አለኝ። ለካሁት። «ጋሼ፣ ሱሪው አላጠረም፤ ሆድህ ነው ወደ ላይ የሰቀለው» ብለው «እከስሃለሁ!» አለኝ። እስካሁን በኔና በሱ መሃል ያለው ክርክር ይሄ ነው።

ወረቀቱን እንዳልከው በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ ልኬልሃለሁ። መልሼ አላጠፍኩትም። ካፖርቱን ግን አሁን ለመላክ አይመችም። ለምን እንደማይመች ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ጫማው ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን፤ ሲነኩት በጣም ለስላሳ ነው። ከእንግዲህ ግን ምንም እንዳትልክ። ምንም አያስፈልገንም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ያንን የእጥፋት ነገር ትተህ እንዲሁ አንዴ ብትመጣስ? ለወረቀት ሳይሆን ለሰው። ስትመጣ ግን ቀኑን አስቀድመህ ንገረኝ። ሳትነግረኝ እንዳትመጣ፣ አደራ።

ታናሽህ፣ ልብስ ሰፊው


ጥር 2

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ለአጎቴ ዕድሜና ጤና። ሰላምታው በዋናው በር እንደገባ ለሚስትህ ንገርልኝ።

ካርቶኑን የከፈትሁት ሥራ ቦታ ነው። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ግድግዳ ነው የሚያየው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አንገቱ የሚዞር መብራት አለኝ። ኃላፊዬ አጠገቤ ቆማለች። ጨዋ ሴት ናት፤ ክፉ ዜና ስትናገር መነጽሯን ታወልቃለች። ያን ዕለት እንደመጣች አወለቀችው።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ነበር» አልኋት።

«እጥፋቱ የት አለ?»

«ተተኩሷል።»

«ማን ተኮሰው?»

«ዘመድ።»

ጥግ ላይ መጽሐፍ የሚጠርዘው ባልደረባዬ ቀና ብሎ «ምነው የኔን ሸሚዝ እንዲህ የሚተኩስልኝ ዘመድ በኖረኝ!» አለ። እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ኃላፊዬ ሳቋን ስትጨርስ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ጊዜ እንዳለኝ ነገረችኝ። ያልተከፈተ እጥፋት ካላቀረብሁ ክፍሉ የፎቶግራፍ ማከማቻ ይሆናል፤ እኔም በሩ ላይ ትኬት እቆርጣለሁ ወይም ቤቴ እሄዳለሁ። ቤቴ ስትል የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም።

ሲወጡ ሥራዬን ሠራሁ። አሁን ደህና አድርገህ አንብብ።

የታጠፈ ወረቀት ሲቆይ ውጪ የዋለው ፊት ይጠቁራል፤ ወደ ውስጥ የገባው ነጣ ብሎ ይቀራል። ሲዘረጋ እንደ ዳማ ገበታ ነው። የላክህልኝ ከጫፍ ጫፍ አንድ ቀለም ነው። ካውያ ደግሞ ጭምድዱን ያለሰልሳል እንጂ አንዴ የተሰበረውን መልሶ አይገጥምም፤ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጌ ባየው አንድም የቆየ ስብራት የለበትም። ከዚያ አሸተትሁት። ሻይ ነው። የአጎቴ ልጅ፣ ወረቀት በሻይ ነክረህ ልከህልኛል። ዳሩ ላይ ደግሞ ተራ ይዘው የሚሄዱ ነጠብጣቦች አሉ፤ ንድፍ ወደ ጨርቅ ስትገለብጡ የምታንከባልሏት ጥርሳም ጎማ የተወቻቸው። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቃቸዋለሁ፤ በነሱ ላይ ነው መቁጠር የተማርሁት። ይሄ የሱቃችሁ የንድፍ ወረቀት ነው።

አልደብቅህም፤ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ይሄ ካልሆነ እውነተኛው አልተተኮሰም ማለት ነው። ምናልባትም አልተፈታም። እንዲህ ያለ ደስታ ከያዘኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ከዚያ ማሰብ ጀመርሁ። ካልተተኮሰ ለምን ተተኮሰ አልኸኝ? ካፖርቱ ካለ መላኩ ለምን አይመችም? «ምንም አያስፈልገንም» ያልኸው ከመቼ ወዲህ ነው? በየደብዳቤህ ለአባትህ የሚሆን ነገር የምትጠይቅ ሰው፣ ድንገት ምንም አያስፈልግህም። ድንገት «ሳትነግረኝ እንዳትመጣ» ትለኛለህ። ወደ ኋላ ወደ ፊት አስቤ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው።

ሸጠኸዋል።

ለማን እንደሸጥኸው አልጠይቅህም፤ ሰብሳቢ የትም አለ፤ የኔን ወሬ ሰምቶ ሱቃችሁን ያገኘ ይኖራል። የምጠይቅህ ሌላ ነው። አባትህ ዓይናቸው እያየ ነው ከላያቸው ያወለቅኸው? ወይስ ሲተኙ ጠብቀህ? በመቀስ እጀታ ጣቴን የመቱኝ ሰው፣ ሌባውን እዚያው እጉያቸው ሲያሳድጉ ኖረው ነው?

ይህን ደብዳቤ ለአጎቴ አንብብላቸው። አንተ ካፈርህ ሚስትህ ታንብብላቸው። መልሱን በራሳቸው እጅ ይጻፉልኝ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም አነበዋለሁ፤ ከሱ የባሰም አንብቤ አውቃለሁ። ጫማውስ? ልካቸው ነው ወይ ብዬ ስጠይቅህ ለስላሳ ነው ትለኛለህ። ለስላሳ መሆኑንማ የገዛሁት እኔ ነኝ።

የአክስትህ ልጅ


የካቲት 28

ወንድም ጋሼ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። አጠገብህ ሰው ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም ቁጭ በል።

አባባ የሉም።

ያረፉት መስከረም እንደገባ ነው። ካፖርቱን ያውሱህ ዘንድ ለምንልኝ ያልከኝ ደብዳቤ የደረሰኝ እሳቸውን ቀብረን ሳምንት ሳይሞላን ነበር። ይኸው ነገርኩህ። እግዚአብሔር ያጽናህ። በደብዳቤ የማይባል ነገር ነው፤ እኔም በደብዳቤ ላለማለት ነበር ይህን ሁሉ የቀባጠርኩት።

እንዴት እንደሆነ በሥርዓት ልንገርህ፤ አንተ በሥርዓት ካልሆነ አይገባህም።

ከሐምሌ ጀምሮ ብርዱ ከላያቸው አልወጣ አለ። ፀሐይ ላይ ቁጭ እያሉ ይበርዳቸው ነበር። ካፖርቱን ቀን አያወልቁም፣ ሲተኙ አያወልቁም። «አባባ፣ ላጥብልዎ እንኳ ይስጡኝ» ስላቸው «ተወኝ። ሚሊሜትር መጥቶ ቢያጣው ምን ልለው ነው? እየጠበቅኩለት ነው» ይሉኛል። ሚስቴ ደግሞ «እሱ የሚፈልገው ኮሌታውን ነው፣ ካፖርቱን ምን ያደርግለታል?» ስትላቸው «ኮሌታ ብቻውን ይበርደዋል» አሉና ሳቁ። በደንብ ሲስቁ ያየናቸው ያኔ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እኔ መኪናዋ ላይ ነኝ። ጠበቃው ገባና «ጋሼ፣ ልጅዎ ሆዳም ብሎ ሰደበኝ፣ ይፍረዱኝ» አላቸው። ዝም አሉ። «ተኝተዋል» አልኩት። እሱ ግን ጠጋ ብሎ አያቸው፤ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ። እንዲህ ነው ያወቅኩት፤ ከባርኔጣው።

ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ታጥፎ ኮሌታቸውን ይዟል። ሐኪም እስኪመጣ፣ ዘመድ እስኪሰማ ቆየን፤ ልናጥባቸው ስንል ክንዳቸው እንደታጠፈ ደርቋል። ሊዘረጋ አልቻለም። አንዱ «በግድ ዘርጉት» አለ፣ አንዱ «ሙቅ ውሃ አምጡ» አለ። ካፖርቱ እንዲወልቅ ወይ ክንዳቸው መሰበር አለበት ወይ እጅጌው መቀደድ አለበት።

መቀሱን አነሳሁ፣ ወንድም ጋሼ። አልረሳሁህም። «ስሞት ያንተ ነው» ያሉህን አልረሳሁም፤ ቁልፍ እየተከልኩ ሰምቻለሁ። ኮሌታ መንቀል ለኔ ምን አለው? ስንት ሰው እያወራኝ ነቅያለሁ። መቀሱን አንገታቸው ጋ አደረስኩት። ጣቶቻቸውን ግን ከኮሌታው ማላቀቅ ነበረብኝ። አንዷን ጣት ያዝኳት። ልጅ ሆነን ኮሽ ሲልብን የሚመቱን በዚችው እጅ ነው። ጣቷን ያዝኳት፤ እጄ እምቢ አለ። ሚስቴ ከኋላዬ መጥታ መቀሱን ተቀበለችኝና «ተው፣ እንደታጠፉ ይሂዱ» አለች።

እንደታጠፉ ሄዱ። ካፖርቱን እንደለበሱ፣ ኮሌታውን እንደያዙ። ማንም አልፈታውም። ማንም አልከፈተውም።

ከዚያ ደብዳቤህ መጣ፤ «ለምንልኝ» ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ? እዚያ ብቻህን ነህ። ብትወድቅ ማን ያነሳሃል? ያ የሚጠርዘው ሰውዬ ነው? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ እኔም እሱም እዚህ ሆነን እናለቅሳለን አልኩ። ካፖርቱን እንዳትጠይቀኝ ደግሞ ወረቀቱን ተኮስኩት አልኩህ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ መቆጣት ትችልበታለህ። ቁጣ ሰውን ያቆመዋል፤ የሚጥለው ሐዘን ነው። አንተ እየተቆጣህ እስከጻፍክ ድረስ አባባ ባንተ በኩል በሕይወት ነበሩ። «ለአጎቴ ዕድሜ» የምትለው ላይ ስደርስ ሚስቴ ተነስታ ትወጣለች፤ እኔ ግን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ከሁላችን መሃል እሳቸውን አሁንም እንደ ሕያው የሚጠራቸው አንተ ብቻ ነበርክ።

የንድፍ ወረቀቱን ሻይ ውስጥ ስነክረው ሚስቴ «ሚሊሜትርን በሻይ? ሳያሸተው አይቀርም» ብላኝ ነበር። ብላኝ ነበር እኮ።

ጫማው መደርደሪያው ላይ ከነመጠቅለያው ነው። ልካቸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ያልመለስኩልህ ለዚህ ነው።

ሸጠኸዋል ባትለኝ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር።

ታናሽህ


መጋቢት 27

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለሚስትህና ለልጆቻችሁ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔንም ያጽናኝ። ለአጎቴ ዕድሜ የምለው ቦታ ባዶ ሆኖብኛል፤ እጄ ስለለመደ አሁንም ሊጽፈው ነበር።

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ አነበብሁት። አጠገቤ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ጠራዡ ሳያንኳኳ ገብቶ ማሸጊያ ካርቶን ሊሰጠኝ ሲል ፊቴን አየ መሰል፣ ካርቶኑን ይዞ ቆመ፤ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ወንበሩን አምጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለዚህ «ማን ያነሳሃል?» ብለህ ለጠየቅኸው መልሱ እሱ ነው።

ሌባ ያልሁህን እስርዘዋለሁ። ያ ቃል ያለበትን ገጽ ቅደድና ላክልኝ፤ አንተ ቤት እንዲያድር አልፈልግም። ያልነገርኸኝን ግን ገና ይቅር አላልሁህም። ከመስከረም እስከ የካቲት ለሞተ ሰው ጤና ስመኝ አኑረኸኛል። ለእኔ አስበህ መሆኑን አምናለሁ፤ አስበህ መሆኑ ነው ቁጣዬን ማሳረፊያ ያሳጣው።

ለኃላፊዬ ነገርኋት፤ መንገር ነበረብኝ።

«ወረቀቱ አለ። አልተከፈተም» አልኋት።

«የት?»

«መሬት ውስጥ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ቤተሰብ ከፈቀደ ይወጣል እኮ» አለች።

የተከፈተውን መሳቢያ ገፍቼ ዘጋሁት።

«እዚህ ቤት ያለው ግማሹ ከመቃብር የወጣ ነው፤ አንተም ታውቃለህ» አለች።

አውቃለሁ። ጠርጌያቸዋለሁ፣ ቁጥር ለጥፌባቸዋለሁ፣ ስለነሱ ጽፌ ተሸልሜያለሁ። ከጫማ ውስጥ፣ ከቀበቶ ሥር፣ ከእጅ መዳፍ የወጡ ናቸው። ከማን መዳፍ እንደሆነ፣ ጣቶቹን ማን እንዳላቀቃቸው ጠይቄ አላውቅም። ያላቀቀው ሰው እጅ ግን እምቢ አላለም፤ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ የደረሰው ለዚህ ነው።

አይወጣም አልኋት። ላንተም በግልጽ እጽፍልሃለሁ፤ አይወጣም። ነገ አንድ ሰው ከኔ ተልኬ ነው ብሎ ቢመጣ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢይዝ፣ ይህን ደብዳቤ አሳየው። እኔ ራሴ ሐሳቤን ቀይሬ ብመጣም ይህንኑ አሳየኝ።

ክፍሉ በሚያዝያ መጨረሻ ይዘጋል። መብራቱን ነቅያለሁ፤ መሳቢያዎቹን እያሸግሁ ነው። ከሁሉ የቆየው እጥፋት የት እንዳለ የማውቅ ሰው እኔ ነኝ፤ አየሁት ብዬ ግን አልጽፍም፤ ቢጻፍም የሚያምን የለም፤ ቢያምንም የሚያየው የለም። ዕድሜዬ ያለቀው በዚህ ነው። ትኬት ልቁረጥ አልቁረጥ ገና አልወሰንሁም።

ወረቀት አፈር ውስጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር። ጥቁርና ውሃ የሚይዝ አፈር ከሆነ መጀመሪያ የሚለቀው እጥፋቱ ነው፤ የተሰበረበት መስመር ላይ ይበጠሳል፣ ከዚያ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፣ ከዚያ ከጨርቁ አይለይም። የመጀመሪያውን ክረምት አይሻገርም። ደረቅና አሸዋማ ከሆነ ግን ካፖርቱ ያልቃል፣ ክሩም ያልቃል፣ እጃቸውም እንደዚሁ፤ ወረቀቱ ግን እንደታጠፈ ይቆያል። ከኔም ካንተም ከልጆችህም በኋላ ይቆያል፤ ማንም ሳያውቀው።

ስለዚህ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አንተ ቦታው ላይ ነበርህ፤ ሲቆፈር ቆመህ አይተሃል። ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ምን ዓይነት ነበር? ጥቁር ነው ወይስ ቀይ? ስትጨብጠው እጅህ ላይ ይጋገራል ወይስ በጣቶችህ መሃል ይፈስሳል? የጉድጓዱ ግድግዳ ውሃ ያዥ ነበር? ካላስታወስህ ሂድና ከዳሩ አንድ ጭብጥ አንሥተህ እይ፤ ከዳሩ ብቻ፣ ጥልቅ አትቆፍር።

ለማጽናናት ብለህ አትጻፍ። ጥቁር ከሆነ ጥቁር ነው በለኝ። ቁርጤን ንገረኝ፤ አፈሩን በሻይ አትንከርልኝ። ያየኸውን ብቻ፣ በጽሑፍ፣ በእጅህ ፈርመህበት፣ እስከ ሚያዝያ 25 ድረስ ይድረሰኝ።